የሰዓቱ ፊት ብርሃን ከየት ይመጣል?



የዛሬው ጉዳዬ ጠባብ ነው። እጃችሁ ላይ ያለውን ሰዓት ስታዩ ቁጥሩ የሚታያችሁ እንዴት ነው? የምትጠይቁኝን አውቃለሁ፤ «የቱን እንግዛ?» ልትሉኝ ነው። እሱም ይመጣል። አስቀድሜ ግን ወልድያ ውስጥ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ በር ላይ የምናየውን ነገር ላስታውሳችሁ። ልጁ ስማርት ዎች ይመርጣል። ሱቁ ውስጥ፣ ጨለም ካለው መደርደሪያ ሥር፣ ስክሪኑ ያብለጨልጫል፤ ቀለሙ ዓይን ይስባል፤ ዋጋ ተከራክሮ ይገዛል። አስፋልቱ ላይ ሲወጣ ክንዱን አጠፍ ያደርግና በሌላው መዳፉ ጥላ እየሠራ ያፈጣል። ሰዓቱ ምንም አልሆነም። ፀሐይዋ በልጣው ነው።

የሰዓት ስክሪን ስሙ ብዙ ነው፤ ኤል.ኢ.ዲ.፣ ኤል.ሲ.ዲ.፣ ቲ.ኤፍ.ቲ.፣ አሞሌድ፣ ኢ-ፔፐር እየተባለ ካርቶኑ ላይ ይጻፋል። ስሙን ትታችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ይህ ሰዓት ብርሃኑን ራሱ ያመነጫል ወይስ የወረደበትን ብርሃን መልሶ ይሰጣል? ብርሃን የሚያመነጨው ባትሪ ይበላል፤ የወረደበትን የሚመልሰው ጨለማ ይፈራል። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይከተላል። እኔ ደግሞ አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ውሎው እርሻ፣ ገበያና መንገድ ላይ ለሆነ የሀብሩ ወረዳ ሰው፣ ብርሃን የሚመልሰው ስክሪን የሚገባውን ክብር አላገኘም።

ስለ ፀሐይዋ በቁጥር እንነጋገር። ወልድያ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ቦታ ላይ ናት። ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ፣ ፀሐይ በቀትር ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። ነሐሴን ደመናው ይሸፍንልናል፤ ሚያዝያን ግን ታውቁታላችሁ። እንዲህ ባለ ቀን ሜዳ ላይ የሚወርደው ብርሃን 100,000 ሉክስ ይደርሳል። ለማነጻጸር ያህል፣ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ለማንበብ 500 ሉክስ ይበቃል። ነጭ ወረቀት ያን ፀሐይ ተቀብሎ ወደ ዓይናችን የሚመልሰው ብርሃን ወደ 25,000 ኒት ይጠጋል። ኒት የስክሪን ድምቀት የሚለካበት ነው፤ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የአንድ ሻማ ያህል ብርሃን ማለት ነው። አሁን ደግሞ እጅግ ደማቅ ከሚባሉት ሰዓቶች አንዱን፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣውን አፕል ዎች አልትራ 2ን እንይ፤ አምራቹ የተናገረለት ከፍተኛ ድምቀት 3,000 ኒት ነው። የተራ ወረቀት ስምንተኛ እጅ ማለት ነው! በቀትር ሜዳ ላይ ኩራዝ ይዞ ከፀሐይ ጋር እንደመፎካከር ነው።

ፍርዱ እንዳያዳላ አንድ ነገር ልጨምር። ያ ስክሪን ሲጠፋ ጥቁር መስታወት ስለሆነ የፀሐይዋን ብርሃን እንደ ወረቀት አይበትንም፤ አብዛኛውን ይውጠዋል። ስለዚህ 3,000 ኒት ያለው ሰዓት ፀሐይ ላይ ይነበባል። የሚቸገሩት ጥቂት መቶ ኒት ብቻ ያላቸው ርካሾቹ ናቸው፤ ገበያችንን የሞሉትም እነሱ ናቸው። ውዱም ቢሆን ያን ድምቀት በነጻ አያገኘውም፤ ከባትሪው ይቆረጥበታል።

ይህ የብርሃንና የባትሪ ሙግት የጀመረው ከመጀመሪያው ኤሌክትሮኒክ ዲጂታል የእጅ ሰዓት ጋር ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. ሐሚልተን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፐልሳር ብሎ የሰየመውን ሰዓት ለሽያጭ አቀረበ። ቤቱ ባለ 18 ካራት ወርቅ፣ ቁጥሩ ቀይ ኤል.ኢ.ዲ.፣ ዋጋው 2,100 ዶላር ነበር፤ በዚያን ጊዜ በዚያ አገር አነስ ያለች አዲስ መኪና የሚገዛ ገንዘብ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ሮጀር ሙር ጄምስ ቦንድን ሆኖ ሲተውን ፐልሳር አጥልቆ ታየ። ታዲያ ይህ ሁሉ ክብር ያለው ሰዓት ሁልጊዜ ሰዓት አይናገርም ነበር። ኤል.ኢ.ዲ. ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚፈጅ ፊቱ ጥቁር ሆኖ ይውላል፤ ቁልፉን በሌላው እጅ ሲጫኑት ለአፍታ በርቶ ይጠፋል። አንድ እጁ የአህያ ገመድ ሌላው ዱላ የያዘ የውርጌሳ ነጋዴ በዚህ ሰዓት ምን ያደርግ ነበር? ፀሐይ ላይ ሲሆን ደግሞ ተጭነውትም ቀዩ ቁጥር ይደበዝዛል። ዋጋው ወዲያው ወደቀ፤ በ1976 ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ባለ ፕላስቲኩን በ20 ዶላር መሸጥ ጀመረ። ርካሽነቱም አላዳነውም። አሥርት ዓመቱ ሳያልቅ ኤል.ኢ.ዲ. ከእጅ አንጓ ላይ ወረደ።

ያወረደው ኤል.ሲ.ዲ. ነው፤ የእሱ ታሪክ የሚጀምረው ደግሞ ከካሮት ነው። ከሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልና ከመርሳ የግብርና ኮሌጅ የመጣችሁ ካላችሁ ቀጥሎ የምጠራው የእናንተ ሙያ ሰው ነው። በ1888 ፍሪድሪሽ ራይኒትዘር የተባለ ኦስትሪያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ከካሮት ባገኘው ኮሌስትሮል የሠራውን ውህድ ሲያሞቅ ሁለት ጊዜ ሲቀልጥ አየ። በ145.5 ዲግሪ ቀልጦ ደፍራሽ ፈሳሽ ሆነ፤ በ178.5 ዲግሪ ደግሞ ድንገት ጠራ። በሁለቱ መካከል ያለው ነገር እንደ ፈሳሽ ይፈስሳል፤ ሞለኪውሎቹ ግን እንደ ጠጣር ክሪስታል በአንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ይህ እውቀት ሰማንያ ዓመት ያህል ብዙ ጥቅም ሳይሰጥ ተቀመጠ። በ1970 ማርቲን ሻትና ቮልፍጋንግ ሄልፍሪሽ፣ ባዝል ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ ሆፍማን ላ ሮሽ በተባለ የመድኃኒት ኩባንያ ቤተ ሙከራ፣ ዛሬ እጃችን ላይ ያለውን ዘዴ አገኙ። ሰይኮ በ1973 ባለ ስድስት አኃዙን ሰዓት በዚህ ዘዴ ሠርቶ አወጣ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። መስታወቱ ላይ ሁለት ብርሃን አጣሪ ሽፋኖች አሉ፤ ፖላራይዘር ይባላሉ። አንዱ በቁም፣ ሌላው በአግድም የተቀመጠ ስለሆነ የመጀመሪያውን ያለፈ ብርሃን ሁለተኛውን ማለፍ አይችልም። በመካከላቸው ያሉት ሞለኪውሎች ግን ደረጃ በደረጃ 90 ዲግሪ እየዞሩ ተሰልፈዋል፤ ብርሃኑንም አብረው ያዞሩታል። ስለዚህ ያልፋል፤ ከኋላ ካለው አንጸባራቂ ነጥሮም ይመለሳል፤ ሰዓቱ ግራጫ ሆኖ ይታየናል። ኤሌክትሪክ የደረሰበት ቦታ ላይ ሞለኪውሎቹ መዞራቸውን ትተው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ብርሃኑን የሚያዞረው የለም፤ ሁለተኛው አጣሪ ያስቀረዋል፤ ያ ቦታ ይጠቁራል። የምናነበው ቁጥር እንግዲህ ጥላ ነው። ፀሐይ በበረታች ቁጥር ግራጫው ይነጣል፤ ጥላውም ይጎላል። ቀትር ለዚህ ሰዓት ሠርጉ ነው። ባትሪው የሚሠራው ሞለኪውል ማቃናት ብቻ ስለሆነ ወጪው ከምንም አይቆጠርም።

በነገራችን ላይ፣ ነጸብራቅ የሚቀንስ ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር የምታደርጉ የባጃጅ ሾፌሮች ክንዳችሁን ስታዘነብሉ ሰዓቱ ጭልም ቢልባችሁ አትደንግጡ። መነጽራችሁ ሦስተኛ አጣሪ ሆኖበት ነው።

የዚህ ወገን ታዋቂ ልጅ ካሲዮ ኤፍ-91 ደብሊው ነው። በ1989 ወጣ፤ ክብደቱ 21 ግራም ነው፤ ባትሪው 7 ዓመት ያህል ይቆያል ብሎ አምራቹ ራሱ ጽፎለታል። ተመሳስሎ የተሠራው ከእውነተኛው እኩል በየገበያው ይሸጣል። የቀኝ ቁልፉን ለሦስት ሰከንድ ተጭናችሁ ብትይዙት እውነተኛው የካሲዮን ስም በስክሪኑ ላይ ይጽፋል፤ ብዙ ሰው እንደ መፈተሻ የሚጠቀመው ይህን ነው።

ሰባት ዓመት ሲባል እንደ ቀላል የሚሰማ ሰው ይኖራል። ይህ አካባቢ ግን ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከ2013 ዓ.ም. ነሐሴ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ የሰሜኑ ጦርነት እዚህ በሰነበተበት ጊዜ መብራትም ስልክም አልነበረም። እዚህ ሆናችሁ ያሳለፋችሁት ስለዚያ ጊዜ ለእኔ ትነግሩኛላችሁ እንጂ እኔ ለእናንተ አልነግርም። ከጉዳዬ ጋር የሚገናኘውን ብቻ ልናገር። ስልኬ ሰዓት ይሆነኛል ያለ ሰው ስልኩ ሲዘጋ ሰዓቱም አብሮ ተዘጋ። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ቻርጅ የሚፈልግ ስማርት ዎች በሦስተኛው ቀን አምባር ሆነ። ያ ግራጫ ሰዓት ግን መብራት መጥፋቱን እንኳ አላወቀም። የአንድ ዕቃ ቴክኖሎጂ ሲመዘን «ምን ይችላል?» ከሚለው ቀጥሎ «ያለ ምን ይሠራል?» የሚል ጥያቄ መጠየቅ አለበት ብዬ የማስበው ለዚህ ነው።

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልግባ፤ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከእነዚህ ስክሪኖች ጋር እንዴት እንደሚኖር። ባለ ቆጣሪው ሰዓት ለእኛ አያስቸግርም ነበር። አጭሩ ቆጣሪ 7 ላይ ሲያርፍ ዓይናችን ትይዩ ያለውን 1 ያነባል፤ ፈረንጁም እኛም በአንድ ሰዓት እንገለገላለን። ዲጂታሉ ሲመጣ ትይዩ የሚባል ነገር ጠፋ። 7:00 ብሎ ከጻፈ 7:00 ነው፤ እኛ በልባችን ስድስት እንቀንሳለን። አንዳንዱ ሰው ይህን ጠልቶ ሰዓቱን ራሱን በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይሞላዋል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ 1:00 ብሎ ሲሞላ ፒ.ኤም. የምትለው ምልክት ከሌለች ቀኑን ሙሉ ያለ ምልክት ይሄድና ማታ 12 ሰዓት ላይ ፒ.ኤም. ይላል። ውጤቱ ያምራል፦ ያለ ምልክት ቀን፣ ፒ.ኤም. ደግሞ ሌሊት ሆነ ማለት ነው። ቀኑም የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት መሆኑ ይቀርና በንጋት 12 ሰዓት ይሆናል። ምልክቷን ሳያይ ገልብጦ የሞላው ሰው ቀኑ በመግሪብ ይለወጥለታል፤ ያም ቢሆን በእስልምናው አቆጣጠር ቀን የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ ወሎ ውስጥ የሚከራከረው አያጣም!

ስማርት ዎች እንዲህ አይታለልም፤ ሰዓቱን ከስልኩ ይወስዳል። እሱንም ማግባባት ይቻላል። የአርጀንቲና ዋና ከተማ ቦነስ አይረስ ከእኛ በትክክል ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ በዚህ ዘመን በክረምትና በበጋ ሰዓቷን አታቀያይርም። በሰዓታችሁ ላይ የዓለም ከተሞችን ሰዓት የሚያሳይ ገጽ ካለ ቦነስ አይረስን ምረጡ፤ የሚያሳያችሁ የሀበሻን ሰዓት ነው። ስልኩን ሙሉ በሙሉ ወደ አርጀንቲና አትውሰዱት፤ ቀጠሮና የአውቶቡስ ትኬት ይበላሽባችኋል።

እዚህ ላይ ነው ለተቃራኒው ወገን ጥብቅና የምቆመው። የካሲዮው ቁጥር ፋብሪካ ውስጥ ተቆርጦ ከገቡ ሰባት ሰባት ክፍሎች የተሠራ ነው፤ 8ን አብርቶ ከ8 ውስጥ ሌላውን መምረጥ እንጂ ሌላ ነገር መሳል አይችልም። ስማርት ዎች ላይ ያለው ግን የነጥቦች ሜዳ ነው፤ ነጥቡ ፒክስል ይባላል። ሜዳው ላይ የፈለጉትን መሳል ይቻላል። ፩፣ ፪፣ ፫ ብሎ በግእዝ አኃዝ የሚቆጥር፣ ቀኑን በንጋት የሚጀምር፣ ጳጉሜን የሚያውቅ ፊት በካሲዮ ላይ አይሆንም፤ በፒክስል ላይ ግን አንድ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪ ሊጽፈው ይችላል። የቆጣሪ ሥዕል ያለበትን ፊት የመረጠ ሰውም ትይዩውን የማንበብ የድሮ ልማዱን መልሶ ያገኛል።

በሀብሩ በኩል ብዙ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ሳዑዲ ደርሰው ይመለሳሉ፤ የአዛን ሰዓት የሚባለውንም ይዘው ይመጣሉ። ከተማውን ከመረጡለት የአምስቱን ሶላት ወቅት ራሱ አስልቶ ይጠራል። አብዛኛው ባለ ኤል.ሲ.ዲ. ነው። ከመካ የመጣ ከሆነ ሰዓቱን ማስተካከል አያስፈልግም፤ መካና ወልድያ በአንድ የሰዓት ቀጣና ውስጥ ናቸው። ከተማውን ግን መቀየር ግድ ነው፤ የመካ ፀሐይ ከኛ ፀሐይ ጋር እኩል አትወጣም፣ እኩልም አትጠልቅም። በረመዳን ይህ የደቂቃ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ የሚያልፈው የለም።

ራሱ ብርሃን ወደሚያመነጨው ልመለስ። ዛሬ ውድ ሰዓቶች ላይ ያለው ኦሌድ ነው፤ አሞሌድ የሚባለውም ከዚሁ ወገን ነው። በ1987 ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ የተባሉ የኮዳክ ተመራማሪዎች ካርቦናዊ የሆኑ ስስ ንጣፎች ውስጥ በአነስተኛ ኤሌክትሪክ ብርሃን ማውጣት እንደሚቻል አሳዩ። እያንዳንዱ ፒክስል የራሱ መብራት ነው። ጥቁር ማለት የጠፋ ማለት ነው፤ ስለዚህ ጥቁሩ እውነተኛ ጥቁር ነው፤ ኤሌክትሪክም አይበላም። የእነዚህ ሰዓቶች ፊት አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር የሚሆነው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ባትሪ ለመቆጠብም ነው። የመጀመሪያው አፕል ዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ሲወጣ እጅ ሲያነሱ ይበራል እንጂ ሁልጊዜ በርቶ አይውልም ነበር፤ ከፐልሳር የተለየው ቁልፍ አለመጫኑ ብቻ ነው። በ2019 የወጣው አምስተኛው ትውልድ ሳይጠፋ መዋል የጀመረው ሥዕሉን በሰከንድ 60 ጊዜ ከማደስ ወደ 1 ጊዜ መውረድ ሲችል ነው። ኦሌድ ሌላም ድክመት አለው፤ አንድ ሥዕል ለረጅም ጊዜ በአንድ ቦታ ከቆየ እዚያ ያሉት ፒክስሎች ያረጁና ጠባሳው ይቀራል።

አሞሌድ ተብሎ ቲ.ኤፍ.ቲ. እንዳይሸጥላችሁ መፈተሻ ልስጣችሁ። ቲ.ኤፍ.ቲ. የኤል.ሲ.ዲ. ዘመድ ሲሆን ከኋላው ሁልጊዜ የሚበራ መብራት አለው። ሰዓቱን ጨለማ ቦታ ውሰዱና ጥቁር ፊት ምረጡ። ቁጥሮቹ ብቻ በጨለማ ውስጥ ተንሳፍፈው ከታዩ ኦሌድ ነው። ዙሪያው ግራጫ ሆኖ ካበራና የስክሪኑ ጠርዝ ከታየ ከኋላ መብራት አለው፤ ቲ.ኤፍ.ቲ. ነው። ቲ.ኤፍ.ቲ. መጥፎ ነው አልልም፤ ግን የኦሌድን ዋጋ አትክፈሉበት። ፀሐይ ላይ ደግሞ ከሁሉም የሚሸነፈው እሱ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሦስተኛ መንገድ አለ። ፒክስሉ ብርሃን የሚመልስ ዓይነት ሆኖ፣ እያንዳንዱ ፒክስል ጥቁር ይሁን ነጭ ራሱ የሚያስታውስበት ትንሽ ማኅደር ከሥሩ ይኖረዋል። ሥዕሉ ካልተለወጠ እንደገና መላክ አያስፈልግም፤ ኤሌክትሪክ የሚወጣው በጣም ጥቂት ነው። የጃፓኑ ሻርፕ የሠራው ይህ ስክሪን በ2013 እ.ኤ.አ. ፔብል በተባለው ሰዓት ላይ ወጥቶ ታወቀ፤ ኢ-ፔፐር ተብሎ ቢሸጥም ዘሩ ኤል.ሲ.ዲ. ነው። የሩጫ ሰዓት የሚሠራው ጋርሚንም ለዓመታት የተጠቀመው ይህን ዓይነቱን ነው። ሯጭ ፀሐይ ላይ እየሮጠ በአንድ እይታ ፍጥነቱን ማንበብ አለበት፤ ስክሪኑ እስኪበራ አይጠብቅም። በ2023 ጋርሚን በፎርራነር ሰዓቶቹ ላይ አሞሌድ ማስገባት ጀመረ፤ ገዢው ቀለም ወደደ። እኔ ብሆን ሰንዳፋ ወይም ሱሉልታ ላይ ለሚለማመድ ልጅ አሮጌውን እመርጥለታለሁ።

እውነተኛው የኢ-ፔፐር ቴክኖሎጂ ሌላ ነው፤ በጥቃቅን እንክብሎች ውስጥ ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ ወደ ላይና ወደ ታች ይዋኛሉ፤ ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥም ሥዕሉ ባለበት ይቀራል። ሰይኮ በ2000ዎቹ አጋማሽ ሞክሮታል። ግን ዝግ ያለ ነው፤ ሰከንድ ሲቆጥር ይደክማል። መጽሐፍ ማንበቢያ ላይ ንጉሥ፣ ሰዓት ላይ እንግዳ ሆኖ ቀርቷል።

ለሌሊት የሚሆነው አጭር ነው። ብርሃን የሚመልሰው ሰዓት ማታ መብራት ይለምናል፤ ካሲዮ በጎኑ ትንሽ አረንጓዴ መብራት አለችው፤ ታይሜክስ በ1992 ኢንዲግሎ ብሎ መላውን ፊት የሚያበራ ንጣፍ አስገባ። ሌሊት ተነስቶ ሱሁር የሚበላ፣ ወይም ለማኅሌት የሚወጣ፣ ወይም ተረኛ ነርስ ቁልፍ መጫን ካልፈለገ ኦሌድ ይሻለዋል፤ በዚህ አልከራከርም።

«የቱን እንግዛ?» ላላችሁኝ፦ ውሎው ሜዳ ለሆነ፣ መብራቱም ለሚቆራረጥበት፣ ኤል.ሲ.ዲ. ወይም ያ ማኅደር ያለው ስክሪን። ውሎው ቢሮና ክፍል ለሆነ፣ ማታ ማታ ቻርጅ ማድረግ ለማይከብደው፣ ኦሌድ። ሁለቱንም ለሚፈልግም የታሰበ ነገር አለ፤ በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ቲክዎች ፕሮ ኦሌዱ ላይ ብርሃን አሳላፊ ኤል.ሲ.ዲ. ደርቦ፣ ኦሌዱ ሲጠፋ ከላይ ያለው ግራጫ ቁጥር እንዲቀር አድርጓል። ይህ ዘዴ ለእኛ አገር የተሠራ ይመስላል፤ ሆኖም ሌሎቹ አምራቾች በብዛት አልተከተሉትም።

ጠረጴዛው ላይ አራት ዓይነት ሰዓት አስቀምጬላችኋለሁ። አሁን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው፤ ፀሐይዋም አልበረደችም። በየተራ ያዙና ወደ ግቢው እንውጣ፤ ጥያቄ ያላችሁም እዚያው ጠይቁኝ። መነጽር ያላችሁ ይዛችሁ ውጡ።